የሕሩይ ንክሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017። እኛ ጋ ያለው ልጅሽ ሕሩይ ትናንትም መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ልጅ ነከሰ።

እህቴ ናዝሬት፣ የወልድያ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ሲናከስ ባለቤቴ በላይነህ «ጋኔን ነው» ስላለ እንጦጦ ጠበል ወሰድነው። በላይነህ ሲይዘው ጮኸ፤ እኔ ስይዘው ዝም ብሎ ተጠመቀ።

የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ግን ትናንት አልቀጣችውም፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አባበለችው። «የነከሰው ሌላው ልጅ ሽንት ቤት ሊሄድ ቀበቶውን ሲፈታ ነው። ባለፈውም እንደዚሁ። እትዬ፣ ጋኔን ቀበቶ ይፈራል እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ይህን የምጽፈው ላምበረት መናኸሪያ፣ በርበሬሽን ለአውቶቡስ ረዳቱ ልሰጥ ተሰልፌ ነው። ሕሩይን ከበላይነህ ጋር ቤት ትቼዋለሁ። ደወልኩ፤ አያነሳም።

ወረቀቱን ከፊቴ ያሉት ወልድያ የሚሄዱ ሴትዮ ያደርሱልሻል። እግዜር በደህና ያገናኘን። በርበሬሽን ይዤ ከሰልፉ ወጣሁ፤ ወደ ቤት ልመለስ ነው።

እህትሽ ነፃነት