የግራ ጆሮህ ነገር

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጅ ቀብሮ የቀረ ሰው ደህና ነው ከተባለ እኔም ደህና ነኝ። አብረውህ የሚኖሩትም ደህና ይሁኑ፤ ከልቤ ነው። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እጄ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ እንዳልለመደ ታውቃለህ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ለቀብሯ መጥተህ ከሰው ኋላ ቆመህ እንደተመለስክ ሰምቻለሁ። ለምን አልቀረብክም አልልህም። ያን ቀን ብትቀርብ ምን እንደምልህ እኔም አላውቅም ነበር።

የምጽፍልህ ለሌላ ነገር ነው። ልጃችን የሠራችው አንድ ሥራ አለ። ይትረፍ ይጥፋ በዚህ ወር መጨረሻ ይለያል። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የድሮው ክር ፋብሪካችን አሁን ኮሌጅ ሆኗል። አንተ በሄድክ በዓመቱ አንድ የግል ፋውንዴሽን ገዛው፤ ሥዕል፣ ሙዚቃና ቅርጻ ቅርጽ እስከ ዲግሪ ያስተምራሉ። ልጃችን ተፈትና ስታልፍ፣ "እማ፣ እናንተን ባስወጡበት በር እኔን አስገቡኝ" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ግቢውን አልረገጥኩም። ከሕንፃው ጋር የተጣላሁ ይመስለኝ ነበር።

በሞተች በሦስተኛው ሳምንት ዕቃዋን እንድወስድ ደወሉልኝ። በሩ ላይ ማን ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? ጡሩንባ። የማጠንጠኛ ክፍል ፎርማናችን፣ ያ ድምፁ ከማሽኑ በላይ የሚሰማው። አሁን የፋውንዴሽኑ ጥበቃ ነው። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ አሥራ አንድ ዓመት አርፍደሽ ትገቢያለሽ?" አለኝ። ከዚያ አፉን በእጁ ይዞ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ክፍሎቹን ብታያቸው። ከሰባ ሴቶች ጋር ቆሜ ክር ሳጠነጥን የኖርኩበት አዳራሽ የሥዕል ክፍል ሆኗል። ያ ሁሉ ጩኸት በነበረበት ቦታ አሁን የሚሰማው የእርሳስ ድምፅ ነው። ያንተ ማቅለሚያ ክፍል ደግሞ ቅርጻ ቅርጽ ይሠራበታል። ቀለሙ የሚፈስበት ቦይ ዛሬም ወለሉ ላይ አለ፤ ግድግዳውም እስከ ወገብ ድረስ ሰማያዊ እንደሆነ ነው። ሆን ብለው ነው ያልቀቡት፤ እንግዳ ሲመጣ ያሳዩታል አሉ። እኛ ከልብስ አልለቅ ብሎን ስንረግመው የኖርነውን እነሱ ጌጥ አደረጉት። እጄን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ በሠርጋችን ፎቶ ላይ ከኋላዬ የደበቅካቸው ጣቶችህ ትዝ አሉኝ። ስንት ጊዜ በሎሚ ፈትጌልህ ነበር።

ጡሩንባ ሳልጠይቀው ወሬውን ቀጠለ። "ከማቅለሚያ ክፍል በሚመጣው ሰማያዊ ክር ቅርጫት ውስጥ በየቀኑ አንድ ቀይ ጥቅል ይገኝ ነበር፤ አንቺ ጠረጴዛ ላይ ብቻ። 'ማነው ያደባለቀው' እያልኩ ስጮህ የላኪውን ማንነት የማላውቅ መሰለሽ?"

"ታውቅ ነበር?"

"ፋብሪካው በሙሉ ያውቅ ነበር። ሚስጥር ነው ብላችሁ የምታምኑት እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ነበራችሁ።"

አየህ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አታለልነው ብዬ ስኩራራ ኖሬያለሁ።

ዕቃዋ ብዙ አልነበረም። ሽርጥ፣ የእንጨት መፋቂያዎች፣ አንድ ደብተር። ከዚያ ጡሩንባ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነገር ወዳለበት ማቆሚያ ወሰደኝ። "ለእረፍት ስትሄድ 'ጋሼ፣ ጭቃው እንዳይደርቅብኝ ውሃ እርጩልኝ' ትለኝ ነበር። አሁንም እየረጨሁ ነው፤ ተው ያለኝ የለም" አለ።

ፕላስቲኩን አነሳሁ፤ እርጥቡን ጨርቅ ፈታሁ። አንተ ነህ። እስከ ትከሻህ። በፎቶ የምናውቅህ ወጣቱ አይደለህም፤ ግንባርህ ሸሽቷል፣ ጉንጭህ ወርዷል፣ ከዓይንህ ሥር ተሸብሽበሃል። በአሥር ዓመቷ የተለያትን አባት በሐሳቧ እያስረጀች አብራው ኖራለች። የአውራ ጣቷ አሻራ ጉንጭህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀኝ ጆሮህ ተሠርቷል። በግራ በኩል ግን ልሙጥ ጭቃ ብቻ ነበር። ቤት ባሉት ፎቶዎች ሁሉ የምትታየው በቀኝህ ነው።

ይህን መጻፍ ነው ሦስት ቀን የፈጀብኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ድንች ስልጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "እማ፣ የአባባ ግራ ጆሮ እንዴት ነበር?" አለችኝ። እኔም፣ "ጆሮ ቢኖረው ኖሮ ስንጠራው ይሰማ ነበር" አልኳት። ነገር የቻልኩበት መስሎኝ። ፈገግ አለችና "እሺ በቃ፣ እማ" ብላ ቢላዋ አንስታ ታግዘኝ ጀመር። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

መርጨቱን ከጡሩንባ ተረከብኩት። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ወደ ስፌቱ ከመሄዴ በፊት ጎራ እላለሁ፤ ጨርቁን አርጥቤ ሕፃን እንደሚጠቀለል አድርጌ እጠቀልልሃለሁ። እሷ እንደተወችው እንዲቆይልኝ ነበር። ሦስት ወር እንደዚህ አደረግሁ።

ከአራት ሳምንት በፊት መምህሯ ከነውሃ መርጫዬ ያዘችኝ። ከልጃችን በዕድሜ ብዙ አትበልጥም።

"የሚያረጥቡት እርስዎ ነዎት እንዴ፣ እናቴ?"

"አዎ" አልኳት፣ ምስጋና ጠብቄ።

"እኔ ደግሞ ይሄ ጭቃ ምን ነካው፣ አልደርቅ ያለው እላለሁ" ብላ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። እርጥብ ጭቃ ምድጃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል አለችኝ። ያንተም ውስጥህ ድፍን ነው፤ አናትህ በሽቦ ተቆርጦ፣ ውስጡ ተፍቆ ወጥቶ፣ ተመልሶ ተገጥሞ፣ ሳምንታት መድረቅ አለበት። የመንፈቁ ትምህርት ሲያበቃ እሳት ያላየ ሥራ ሁሉ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ጭቃ ይሆናል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው።

"እንዳለ ቤቴ ወስጄ ላቆየውስ?"

"እንዳለ አይቆይም። ይሻግትና በራሱ ይናዳል። እርስዎ ውሃ እስከረጩበት ድረስ ደግሞ ሥራው አያልቅም።"

ሦስት ቀን አሰብኩበት። እሳቱ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ከእሳቱ ካስቀረሁት ደግሞ ሌላ ተማሪ ከልጄ ሥራ ማሰሮ ይሠራል። ሐሙስ ሄጄ "ይቆረጥ" አልኳት።

ራስህን በሁለት እጄ የያዝኩልህ እኔ ነኝ። ሽቦው ግንባርህ ላይ ሲገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጡሩንባ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "አይዞሽ፣ ድሮም ውስጡ ብዙ ነገር የለበትም" አለ። ልጃችን ከሞተች ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። በአንተ መሆኑን ይቅር በለኝ።

መምህሯ አናትህን መልሳ ከገጠመች በኋላ እጇን እየጠረገች፣ "ግራ ጆሮውን በእሷ ፋንታ እኔ ገምቼ መሥራት አልፈልግም። እንዴት ነበር?" አለችኝ።

ነገርኳት። ከላይ ትንሽ ወደ ፊት ታጠፍ ያለ ነው፤ ጠርዙ ላይ የማሽን ቀበቶ የነከሰው ቦታ አለ፤ ታችኛው ለስላሳ ነው፣ ሲበርደው ቶሎ ይቀላል። እዚህ ላይ አፈርኩ። እሷም ከውስጥህ ከወጣው ጭቃ አንድ እፍኝ መዳፌ ላይ አስቀምጣ፣ "ያወቁትን እርስዎ ይሥሩት" አለችኝ።

ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ። በአራተኛው "በቃ፣ እንዳይነኩት" ብላ በቀጭን ጭቃ ለጠፈችው። እንደ ቀኙ አላማረም፤ ያየ ሁሉ የሌላ ሰው እጅ መሆኑን ያውቃል። ላስተካክለው ብላት እምቢ አለች።

ከዚያ ወዲህ ውሃ አልነካህም። በመጀመሪያው ሰኞ እጄ መርጫውን ፍለጋ ሄዶ ነበር፤ ጡሩንባ ደብቆታል። አሁን ገርጥተሃል፤ እየደረቅህ ነው ማለት ነው።

ምድጃው ዓርብ የካቲት 19 ይነድዳል፤ ቀዝቅዞ የሚከፈተው ሰኞ የካቲት 22፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። መምህሯ አልዋሸችኝም፤ ሊሰነጠቅ ይችላል አለች፤ የኔ ጆሮም ሊወድቅ ይችላል። ቢሰነጠቅም ከሌሎቹ ተማሪዎች ሥራ ጋር ፎቅ ላይ ወዳለው አዳራሽ ይወጣል ብያታለሁ፤ ተስማምታለች።

ና ብዬ የጻፍኩ አይምሰልህ። ሥራ ይኖርሃል፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ነገር ግን ውስጡ ባዶ ሆኖም ከባድ ነው። የጡሩንባ ወገብ ለሸክም አይሆንም፤ መምህሯ ደቃቃ ናት። በደረጃው ለማውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንደኛዋ እኔ ነኝ።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ እጅህን ከክፉ ያድንልህ። በብርድ ስትወጣ ደረትህን ሸፍን።

የልጅህ እናት

ማስታወሻ፦ የምናውቀው የጎን በር ታሽጓል። መግቢያው አሁን በዋናው መንገድ በኩል ነው፤ ለጡሩንባ ነግሬዋለሁ።