ሴቶቹን የጠየቁት ፖሊስ፦ የሻምበል ትርንጎ ወርቅአገኘሁ የሕይወት ታሪክ

ሻምበል ትርንጎ ወርቅአገኘሁ ከአባታቸው ከአቶ ወርቅአገኘሁ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና ክፍሌ ጥቅምት 8 ቀን 1943 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታቸው የመጀመሪያ ልጃቸው ወንድ እንዲሆንላቸው ተስለው ስለነበር፣ ሴት መወለዷን ሲሰሙ ስለቱን ላስገባ ወይስ ይቅር ብለው ከንስሐ አባታቸው ጋር ተከራክረዋል ይባላል። ስለቱ ገባ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአንኮበር እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ለመማር ደብረ ብርሃን መሄድ ግድ ነበር። አባታቸው ሴት ልጅ ብቻዋን ሰው አገር አትከርምም ብለው እምቢ ሲሉ፣ የአባታቸው ታናሽ ወንድም አቶ ኃይለኢየሱስ ደስታ ተሟገቱላቸው። ወንድማቸውን አሳምነው፣ ስንቁን በራሳቸው በቅሎ ጭነው፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ወስደው ዘመድ ቤት አስቀመጧቸው። በየጊዜውም እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ሻምበል ትርንጎ ይህን የአጎታቸውን ውለታ ለሰው ሁሉ ሲናገሩት ኖረዋል፤ ስለዚህ ዛሬም መነገር አለበት።

በ1962 ዓ.ም. ፖሊስ ሠራዊት ሴቶችን እንደሚቀጥር በሰሙ ጊዜ ለማንም ሳይናገሩ ሄደው ተመዘገቡ። አዲስ አበባ ሠልጥነው ሲመለሱ ደብረ ብርሃን ተመደቡ። በጣቢያው ብቸኛዋ ሴት ስለነበሩ በልካቸው የሚሆን ጫማ አልተገኘም፤ በወንድ ጫማ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው ነው ሰልፍ የወጡት። ሥራቸውም እስረኛ ለመጠየቅ የሚመጡ ሴቶችን መፈተሽና ያመጡትን ምግብ ማየት ብቻ ነበር። ምርመራ ክፍል ይመድቡኝ ብለው ባመለከቱ ቁጥር የሚሰጣቸው መልስ ሳቅ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ተዘሎ በቀጥታ ወደ ጋብቻቸው ቢታለፍ ይሻላል የሚል አሳብ ከቤተሰቡ መካከል ቀርቦ ነበር። አልተዘለለም። ይህን ትተን ስለ ሻምበል ትርንጎ ብንናገር ስለ ሌላ ሰው መናገራችን ነው።

በኅዳር ወር 1965 ዓ.ም. አቶ ማኅደረማርያም ጎበና የሚባሉ የአንኮበር ገበሬ ከገበያ ሳይመለሱ ቀሩ። በማግስቱ ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው ቁልቁለት ሥር፣ ገደል ውስጥ፣ ራሳቸውን በዱላ ተመትተው ሞተው ተገኙ። በዚያን ጊዜ አውጫጭኝ በገጠሩ ገና አልቀረም ነበርና አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ እየማለ የሚያውቀውን ሳይናገር ወደ ቤቱ አይመለስም። በግልጽ መናገር የፈራ ደግሞ ለተመረጡት ሽማግሌዎች «ወፍ ነገረኝ» ብሎ በምስጢር ይጠቁማል። ወንዶቹ ሜዳ ላይ ሰነበቱ፤ ሚስቶቻቸው ምግብ አመላለሱ። በመጨረሻ ወፏ የአልዩ አምባውን ነጋዴ አቶ ጃፈር ያሕያን ጠቆመች። አቶ ጃፈር የዚያን ዕለት ማለዳ፣ ገበያው ሳይደምቅ፣ በአንዲት በቅሎ ሽያጭ ከሟች ጋር ተጣልተው ሰው ገላግሏቸዋል። ወደ ቤታቸው የሚወስዳቸውም መንገድ ያው ቁልቁለት ነው። ይህ በቂ ተባለና ተይዘው ደብረ ብርሃን ታሰሩ። ከተፈረደባቸው የሚጠብቃቸው ስቅላት ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኡሙሀኒ ሕፃን ልጅ አዝለው፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው፣ ምግብ ያመጡላቸው ነበር። አንድ ቀን ሻምበል ትርንጎ ሲፈትሿቸው እንባቸው መጣ።

«እህቴ፣ ጃፈር የዚያን ለት ዙሁርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ የሰገደው እቤቱ ነው። ወላሂ፣ ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱውን ውሃ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ» አሉ።

«ይህንን ለመርማሪው ነግረሽዋል?»

«ማን ጠይቆኝ! ሴት ካውጫጭኝ አትገባ። መርማሪውም የያዘው የአውጫጭኙን ቃል ነው።»

ሻምበል ትርንጎ ወዲያው ለአዛዣቸው አመለከቱ። አዛዡ፣ «ለባሏ ያልማለች ለማን ልትምል ኖሯል? አንቺ ቅርጫትሽን ፈትሺ!» አሏቸው።

«እሺ ጌታዬ። እንግዲያው የዓመት ፈቃዴን ይስጡኝ» አሉ ሻምበል ትርንጎ።

የደንብ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን ለብሰው አንኮበር ገቡ። ምንጭ ወረዱ፣ ወፍጮ ቤት ተሰለፉ፣ ገበያ ዋሉ። ያገኟቸው ሴቶች ሁሉ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ «እኛን ደግሞ ማን ከሰው ቆጥሮን ይጠይቀናል!» ይሏቸዋል። ከሳቁ በኋላ ግን ይናገራሉ። አንዲት ጌሾ ሻጭ ሟቹ ከቀትር በኋላ ጌሾ እንደገዟቸው አስታወሱ፤ በዚያን ሰዓት አቶ ጃፈር አልዩ አምባ፣ ቤታቸው ነበሩ። ሌላዋ ሟቹ ከገበያ ወጥተው ከአንድ ሰው ጋር በምንጩ በኩል ሲያልፉ ማየታቸውን ተናገሩ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን እንስራቸውን አንስተው ሄዱ። ከሌሎቹም ጋር ነገሩ እዚያ ሲደርስ ወሬው ይቋረጣል። ዓይናቸውን ከሻምበል ትርንጎ ላይ አንስተው መሬት መሬት ያያሉ።

ሻምበል ትርንጎ ተናደው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመለሱ። ለእናታቸው ሲያማርሩ ወይዘሮ ወለተሐና ሰሟቸውና፣ «ያገሩን ሴት ሁሉ ስትጠይቂ ሰነበትሽ፤ እኔን ግን አልጠየቅሽኝም» አሏቸው።

ጥፋቱ እውነትም የራሳቸው ነበር። ወንዶቹን የወቀሱበትን ነገር በገዛ እናታቸው ላይ አድርገውታል። ተቀምጠው ጠየቁ።

«እማዬ፣ አንቺ ምን አይተሻል?»

«ኃይለኢየሱስን አየሁ። ከማኅደረማርያም ጋር በእርሻቸው ድንበር እየተጨቃጨቁ ወደ ገደሉ ወረዱ። ሲመለስ ብቻውን ነው፤ ዱላውንም አልያዘም። ቢጠይቁኝ አልዋሽም ነበር፣ ልጄ። የሚጠይቀኝ አልመጣም፤ እኔም ባልመጣ እያልኩ ስጸልይ ነበር።»

አባታቸው አቶ ወርቅአገኘሁ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበር። ወጥተው፣ «ያስተማረሽ ሰው ነው» አሏቸው።

«አዎ አባባ፣ አስተምሮኛል። ጃፈርም ልጅ አለው» አሉ ሻምበል ትርንጎ።

ከዚያ ተነስተው ወደ አጎታቸው ቤት ሄዱ። አቶ ኃይለኢየሱስ የሦስት ዓመት ልጃቸውን ሣራን ታቅፈው በራፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሻምበል ትርንጎ የሰሙትን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ራሳቸው ሄደው እጃቸውን እንዲሰጡ ለመኗቸው፤ እምቢ ቢሉ ግን ፖሊስ ይዘው እንደሚመጡም አልደበቋቸውም። አቶ ኃይለኢየሱስ ሣራን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ሻምበል ትርንጎ ደብረ ብርሃን እስኪደርሱ እያለቀሱ ሄዱ፤ ሲደርሱ ፊታቸውን ታጥበው፣ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ያገኙትን ለአዛዡ አስመዘገቡ። አጎታቸውን ለመያዝ የሄደውንም ቡድን መንገድ የመሩት እሳቸው ነበሩ።

ፍርድ ቤት ወይዘሮ ወለተሐና ለምስክርነት ቀርበው ሊምሉ እጃቸውን ሲያነሱ፣ አቶ ኃይለኢየሱስ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ተነሱ።

«የወንድሜን ሚስት አታስምሏት። እሷ አትዋሽም። ማኅደረማርያምን የመታሁት እኔ ነኝ። ካውጫጭኙም የጃፈርን ስም የጠቆምኩ እኔው ነኝ» አሉ።

አቶ ጃፈር ተፈተው ልጃቸውን ታቀፉ። አቶ ኃይለኢየሱስ ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። አቶ ወርቅአገኘሁ ልጃቸውን ሁለተኛ ከደጄ እንዳትደርሺ አሏቸው፤ ቃላቸውንም እስኪሞቱ አላጠፉም። ዘመድ ሠርግ ሲደግስ ሻምበል ትርንጎን አይጠራም ነበር። ይህ ሁሉ አላስከፋቸውም የሚል ካለ አላወቃቸውም። እጅግ አስከፍቷቸዋል። ግን ባደረጉት ነገር ተጸጽተው እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ቢደገምም አደርገዋለሁ።»

አጎታቸውንም አልተዉም። ምግብ ሠርተው፣ እንደ ማንኛውም ጠያቂ ተሰልፈውና ተፈትሸው ይጠይቋቸው ነበር። አቶ ኃይለኢየሱስ ለብዙ ጊዜ ምግቡን ሳይነኩ መለሱት። በኋላ ግን አንድ ቀን ወጥተው ቁጭ አሉና በሉ፤ ሣራንም አደራ አሏቸው። በ1970 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ በሕመም አረፉ። የሣራ እናት ሌላ ባል አግብተው ወደ ለሚ ከተማ ሄደው ስለነበር ሻምበል ትርንጎ ሣራን ደብረ ብርሃን አምጥተው ከልጆቻቸው ጋር አሳደጓት።

ሻምበል ትርንጎ ከዚያ ጉዳይ በኋላ ምርመራ ክፍል ተመደቡ፤ የሳቀም አልነበረም። ከደነባ እስከ ለሚ ብዙ የተድበሰበሱ ጉዳዮችን አጣርተዋል። ወንጀል ተፈጸመበት የተባለ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት ጓዳ ያለችውን ሴት ነበር፤ አባወራው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከተራ ፖሊስነት ተነስተው እስከ ሻምበልነት ማዕረግ ደርሰው በ1984 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናበቱ። ከዚያም በቀበሌያቸው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት፣ በኋላም በእድራቸው በዳኝነት አገልግለዋል። ለእድር ስብሰባ አርፍዶ የመጣ ሰው ምክንያቱን ሲያስረዳ ላብ ያጠምቀው ነበር። የልጅ ልጆቻቸውም ስኳር ቅመው ሳይናዘዙ ያመለጡበት ቀን አይታወቅም።

በ1968 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ሽፈራው ተክሌ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሰለሞንንና ሀናን ወልደዋል። አቶ ሽፈራው፣ ቤታችን ውስጥ ምርመራው እንጂ ክሱ የለም እያሉ ይቀልዱ ነበር። በ2006 ዓ.ም. በሞት ተለይተዋቸዋል።

ሻምበል ትርንጎ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በኑዛዜያቸው መሠረት በትውልድ ቦታቸው በአንኮበር ይፈጸማል። ሐዘንተኞቻቸው ልጆቻቸው ሰለሞን፣ ሀና እና ሣራ፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም በእናቷ ጀርባ ታዝላ እስር ቤት ትመጣ የነበረችው፣ ዛሬ ከእነ ልጆቿ እዚህ የቆመችው ጁወይሪያ ጃፈር ናቸው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ሣራ ኃይለኢየሱስ ናት። የአባቷ ስም እንዲታለፍ የመከሯት ለእሷ አዝነው መሆኑን ታውቃለች፤ ታመሰግናለችም። ነገር ግን አባቷ የገደሉት ሰው ስም አላቸው፤ በአባቷ ፋንታ ሊሰቀሉ የነበሩት ሰውም ስም አላቸው። የእነሱ ተጠርቶ የአባቷ ብቻ ቢሸፈን ያሳደጓት እናቷ አይቀበሏትም ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ጽፋ፣ ዛሬ በወገን ሁሉ ፊት ራሷ ታነበዋለች።

እግዚአብሔር ለእናታችን ለሻምበል ትርንጎ የድካማቸውን ዋጋ ይክፈልልን፤ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። የአቶ ማኅደረማርያምን ነፍስ ይማር። በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል ያረፉትን አቶ ጃፈርን ይማር። የአባቴን የኃይለኢየሱስንም ነፍስ ይማር። አሜን።