ፋጡማ የተኛችበት ቀትር

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ

ጆንያ ስሰፋ ዋልሁ። ሲባጎው ክፉ ነው፣ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። አጠገቤ የምትሰፋው ፋጡማ እያወራችም ትቀድመኛለች። በስድስት ሰዓት መጋዘኑ ተዘጋ። ቀትር ነው፣ ድሬዳዋ ሁሉ ጋደም ይላል። ከከዚራ እስከ መጋላ ሰው የለም፣ ጥላ ብቻ።

በዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ፋጡማ ቤቷ አልሄደችም ኖሯል። ባለቤት ያጣ ዕቃ የሚቀመጥበት ውስጠኛው ክፍል፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተኝታ አየኋት። እጇ ከጉንጯ ሥር፣ የሻይ ብርጭቆዋ አጠገቧ። ትንሽ ትተኛ ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁላት። የሷንም ድርሻ ሰፋሁ።

ደብተሬ፣ ለሰናይቴ ሙት ዓመት ሃያ ሦስት ቀን ቀረ። ግንቦት 21፣ በቅ/ማርያም ዕለት። አንድ ልጄ ነበረች። ለመሠረተ ትምህርት ገጠር ዘምታ ወባ ይዟት መጣች፤ በስምንት ቀን ሄደች። ቀኑን ስጠብቀው እሷ ራሷ የምትመጣ ይመስለኛል። አትመጣም። አውቃለሁ።

ሚያዝያ 29፣ ማክሰኞ

ፋጡማ አልነቃችም። እንደ ትናንቱ ናት፣ እጇ ከጉንጯ ሥር። ትናንት ሁላችንም አይተናት ነበር። በቀትር የተኛን ሰው ማን ይቀሰቅሳል? በሩን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።

ዘበኛው ጋሽ በቀለ ጧት በሁለት ሰዓት ሊቀሰቅሳት ገባ። ሦስት እርምጃ ሄደና ቆመ። አንድ እግሩ ከመሬት ተነሥቶ፣ አፉ ተከፍቶ። እንዲሁ ዋለ። ብንጠራው አይሰማም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዞሮ ወጣ። "ቆይ፣ ፀሐይዋን ማን አዞራት?" አለን። ምሳ ሰዓት አልፏል ብንለው "አቦ አትቀልዱብኝ! አሁን ገባሁ፣ አሁን ወጣሁ" ብሎ ተቆጣ። መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ አንድ በአንድ ከበሩ ራቅን።

ግንቦት 2፣ ዓርብ

አሁን ገብቶናል፣ በአቅማችን። ነገሩ ፋጡማ አጠገብ ካለው ሣጥን ነው። በባቡር የመጣ የእንጨት ሣጥን፤ ዓመት ከርሞ ባለቤት አልተገኘለትም። የተጻፈበትን ፊደል ያነበበ የለም። ዐረቡም፣ ሱማሌውም፣ ሐረሪውም፣ ግሪኩ ባለሱቅም አይተውት ነበር። ድሬ የማታነበው ጽሑፍም አለ ለካ። ፋጡማ ከመተኛቷ በፊት አንዱን ሳንቃ ገልጣለች፤ ድሮም እጇ አያርፍም። ከውስጥ ፈዛዛ ብርሃን ይወጣል፣ የንጋት ዓይነት።

እሱ አጠገብ ጊዜ አይሄድም። በቀረቡት ቁጥር ይዘገያል። የሻዩ እንፋሎት ከብርጭቆው በላይ ቆሟል፣ እንደ ተፈተለ ጥጥ። አንዲት ዝንብ አየር ላይ አለች፣ ክንፏ ይታያል። ረቡዕ የቀን ሠራተኞቹ ሊጎትቷት ገመድ ወረወሩ። ገመዱ እስከ ዛሬ እየወደቀ ነው።

ከጤና ጣቢያ ድሬሰር መጣ። ከበሩ ሆኖ አያት። እጄ ካልደረሰ ምን ላድርጋት አለ። እግሩን ግን አላነሣም።

ብቻዬን እሰፋለሁ። የሚያወራኝ የለም። በየመካከሉ እየተነሣሁ በሩ ላይ እቆማለሁ። አንድ ነገር ልጻፍ፣ አላፍርም። ቀናሁባት።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

የፋጡማ እናት አዴ መርየም በየቀኑ ከመጋላ ይመጣሉ። በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ልጃቸውን ያጫውቷታል። ረመዳን ሊገባ ነው፣ ተነሽ ይሏታል። የጎረቤት ወሬ ይነግሯታል፤ ማን አገባ፣ ማን ፈታ። ሲስቁም አያለሁ።

ዛሬ ጥቁር ልብሴን አዩና ጠየቁኝ። ስለ ሰናይት ነገርኋቸው። እሳቸውም "ያንቺስ ዐረፈች። የኔ ዐይኗን ልትከፍት ነው፣ እስቲ እዪያት" አሉኝ።

አየሁ። እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት ግጥም ያለ ነበር፤ አሁን በሽፋሽፍቷ መካከል ቀጭን ነጭ መሥመር አለ። ነጭ ብቻ፣ ብሌን የለውም። ወደ ላይ የዞረ ዐይን ነው። ሰናይትን ያስታመመ ሰው ይህን ያውቃል። እንቅልፍ አይደለም። ፋጡማ ሙቀት መትቷት ራሷን ስታለች። ለእናትየዋ አልነገርኋቸውም።

ግንቦት 9፣ ዓርብ

የመጋዘኑ ጓድ ኃላፊ ሰበሰበን። አሻጥር ነው አለ። የማን አሻጥር እንደሆነ አልተናገረም። የበላይ አካል መመሪያ እስኪሰጥ ክፍሉ ማክሰኞ በብሎኬት ይደፈናል። ውስጥ ሰው አለ አልነው። ሟች ተብላ ተመዝግባለች አለን። ጋሽ በቀለ ከኋላ ሆኖ "ሟች ዐይኗን ትገልጣለች እንዴ ጓድ?" አለ። ስብሰባው ተበተነ።

ማክሰኞ ግንቦት 13 ነው። የልጄ ቀን 21። እቤት ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርሁ። ጋሽ በቀለ ለሦስት እርምጃ አንድ ቀን ሄደበት። ፋጡማ ያለችው ሣጥኑ ሥር፣ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ነው፤ ወደ ሣጥኑ ሲቀርቡ ደግሞ አንዱ እርምጃ ብቻውን ቀናት ይበላል። ገብቼ ላወጣት ብል ለ21 አልደርስም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። 21ን ጠብቄ ልግባ ብልም ብሎኬቱ ይቀድመኛል።

ሌላ የሚገባ የለም። ጠየቅሁ። ሁሉም ልጆች አሉኝ ይላል።

ግንቦት 11፣ እሑድ

ለእህቴ ለእታለም ነገርኋት። ድግሱን የያዘችው እሷ ናት። ብዙ ተናገረችኝ። ዕድሩ ተጠርቷል፣ ቄሱ ሰምተዋል፣ ጠላው ተጠንስሷል። "የገዛ ልጅሽን ቀን ለባዕድ?" አለች። ባዕድ አይደለችም፣ አጠገቤ ነው የምትሰፋው አልኋት። መልስ መሆኑን እንጃ። አለቀሰች፤ እኔም። "እናቷ ከሌለች ማንን ነው እግዜር ያጽናሽ የሚሉት?" አለችኝ። ይቺ ቃል አላስተኛችኝም።

አዴ መርየም አንድ ቀን እንኳ ግቢልኝ አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እምቢ ለማለት።

ግንቦት 12፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ሁሉም ተኝቷል። ጋሽ በቀለ በሩ ላይ ነው፤ ግንበኛ ቢመጣ ከዚህ አልነሣም ብሏል። ነጠላዬን ውሃ ውስጥ ነክሬያለሁ። ደብተሬ፣ አንተን ለእሱ እሰጥሃለሁ። ማንበብ አይችልም፣ ይሻላል።

ሰናይትን ይቅርታ ልላት ነበር። አሁን ሳስበው እሷ ብትሆን ኖሮ እኔን ሳትጠይቅ ትገ...

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ቀኑን የነገረኝ ጋሽ በቀለ ነው። ጢሙ ረዝሟል። አርባ ሦስት ቀን ሆነሽ አለኝ። ለእኔ ሰው እጁን ታጥቦ ምሳ እስኪቀርብለት ያህል ነበር።

ሳልረሳው ልጻፈው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ የደጋ ጧት ይመስላል። ድምፅ የለም። ጥቂት እርምጃ ሄጄ ዞር አልሁ። በሩ ላይ ቀንና ሌሊት ይፈራረቃሉ፣ ሰው ነጠላ እንደሚያራግፍ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ። መቁጠር ጀመርሁ። ዘጠነኛው ነጭ ላይ እታለም በሩ ላይ ቆማለች፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርሁ። ሳልጨርስ ጨለመ። የልጄ ቀን ያቺ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ የሚያስቸኩለኝ አልነበረም። ሣጥኑ ጋ ደረስሁ። በተገለጠው ሳንቃ ሌላ አገር ይታያል። ሰፊ ሜዳ፣ ሣሩ ሰማያዊ፤ ሁለት ፀሐይ ሊወጡ አንዷ ሌላዋን ትጠብቃለች። ልቤ ቀለለኝ፣ የተሸከምሁትን ሰው ከኋላ የደገፈልኝ ያህል። ቁጭ ልበል አልሁ። እዚህ የተቀመጠ ሰው ላይ ምንም ቀን አይመጣበትም። ጉልበቴን አጥፌ ነበር።

በሩን አየሁ። ነጭ ሲመጣ አዴ መርየም እዚያው ተቀምጠው አሉ። ጥቁር። ነጭ፣ አዴ መርየም አሉ። ጥቁር። ነጭ፣ አሉ።

ፋጡማን ያዝኋት። ጉንጯ እሳት ነው፤ የውጩ ቀትር አብሯት ገብቶ ኖሯል። እርጥቡን ነጠላ ፊቷ ላይ ጣልሁት። አቃሰተች። "አቦ ተዪኝ፣ አሁን ገና ጋደም አልኩ" አለችኝ። ጎተትኋት። ብርጭቆዋን ካልያዝሁ ብላ ተመለሰች፤ ሻይዋን እየጠጣች ወጣች። ገና ትኩስ ነው ትለኛለች።

ግንበኛው መጥቶ ነበር አሉ። አንድ እግሬን አንሥቼ አየኝ። በማግስቱ ተመልሶ ሲያይ እግሬ መሬት ሊነካ ነው። የሚራመድ ሰው ላይ አልገነባም ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

የጎረቤት ወሬ ደረሰኝ። ለልጇ ሙት ዓመት ያልቆመች እናት ይሉኛል። እታለም ምግብ ልካለች፣ ራሷ አልመጣችም። ተቀምጬ ሳለቅስ ዋልሁ።

ከሰዓት ፋጡማ መጣች። ረመዳን ገብቶ ወጥቷል፣ ዒዱም አልፏል፤ ያለ እሷ። "ወላሂ ጾሙን ፈርታ ተኛች እያሉኝ ነው!" ብላ ሳቀች። ምን ልታደርጊ ነው አልኋት። ምን አደርጋለሁ አለች፤ ያመለጠውን ቀን በኋላ መጾም በሃይማኖታችን ያለ ነው፣ ከነገ እጀምራለሁ። ደግሞ ረመዳን በእነሱ ቆጠራ አለፈ እንጂ በእኔ መች ደረሰ አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች። "ባንቺስ እቴቴ አስካለ፣ ዛሬ ስንት ነው?"

በጣቴ ቆጠርሁ። የገባሁት ግንቦት 12። የወጣሁት፣ በእኔ ቆጠራ፣ በዚያው ቀን። አንድ ሌሊት አደርሁ። በእኔ ዛሬ ግንቦት 13 ነው። ስምንት ቀን ይቀራል።

የልጄ ቀን ሐሙስ፣ ሐምሌ 4 ላይ ይውላል። የሐዋርያት ጾም ነው፣ ሥጋ አይቀርብም፤ ዳቦና ንፍሮ ይበቃል። ቄሱን እነግራቸዋለሁ፤ እምቢ ካሉም ብቻዬን እሄዳለሁ። ፋጡማ እናቷን ይዛ ልትመጣ ነው። እታለም ዘንድ አሁን እሄዳለሁ፣ ትስደበኝ። በእኔ ቀን ልጄ ገና ዓመት አልሞላትም። እቆምላታለሁ።