ትንሿ በኪሴ፣ ትልቁ በጠረጴዛ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት

ቁርጭምጭሚቴ ዛሬም እንዳበጠ ነው። ግን ያስኬዳል። ግቢውን ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ፣ ትንሿ በቀሚሴ ኪስ፣ ማዳመጫው በጆሮዬ። «ዋሱዜ ኦትያ ኖ» ትለኛለች፤ እንዴት አደርሽ ማለት ነው። እኔም ጮክ ብዬ እደግማለሁ። ዘበኛው ኦኬሎ ከበሩ ሆኖ ይስቃል። ይሳቅ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ስንቱ ስቆብኛል።

ትንሿ የምልህ፣ ማስታወሻዬ፣ የኪስ ኤምፒ ስሪዬን ነው። አውራ ጣቴን ታክላለች። ኦልድ ካምፓላ ከመስጊዱ በታች ካለ ሱቅ ራሴ መርጬ ነው የገዛኋት። መዝሙር ትይዛለች፣ ሬዲዮ አላት፣ ድምፅ ትቀዳለች። ናካዋ ገበያ አደንጓሬ የምትሸጥ ናካቶ የምትባል ወዳጅ አለችኝ። የምትለኝን ሁሉ እቀዳለሁ፣ ታክሲ ውስጥ እለማመዳለሁ፣ በሚቀጥለው ገበያ ትፈትነኛለች። ስሳሳት ለጎረቤቶቿ ሁሉ ታውጃለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የአገሩን ቋንቋ፣ ሉጋንዳን፣ የምማረው።

ባለፈው ሳምንት ግን ከቦዳ፣ ከኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ስወርድ ጭቃው አንሸራተተኝ። ሞተሩ ቆሞ ነበር! ልጄ ዳዊት ግን ከሰማይ የወደቅሁ አስመሰለው።

ዛሬ ማታ ስጦታ አለሽ ብሎኛል። ጫማ ነው፣ አውቄዋለሁ። ለእግር ጉዞ የሚሆን ጫማ ግዛልኝ እያልኩ ስነዘንዘው ከርሜ የለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ጉድ ሆንኩልህ።

ዕቃው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ስጦታ ሰጪው ፊት አይከፈትም፤ ያደግንበት ነው። ስለዚህ ሳልከፍተው ብድግ ብዬ መረቅሁ። ዳዊትና ሚስቱ ሶስና አንገታቸውን ደፍተው አሜን ይላሉ። እግሬን እንዳበረታህልኝ እግርህ አይዛል አልኩ። ወጥቼ እንድገባ እንዳደረግከኝ አንተም በሰላም ወጥተህ ግባ አልኩ። አስረዘምኩት፣ አሳመርኩት። ልጄ አሜን ሲል ድምፁ ቀጠነ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ክፍሌ ገብቼ ስከፍተው ታብሌት! ትልቅ፣ ጥቁር፣ ከነመቆሚያው ከነሽፋኑ።

ወዲያው ዳዊት አንኳኩቶ ገባ። የአየር መንገድ ሠራተኛ ነውና ስለ ቀበቶ የሚያስረዳ ይመስል እጁን እያወናጨፈ አስረዳኝ። ቅዳሴው በዚህ ይታያል። ዘመድ በዚህ ይጠየቃል። ገበያውም በዚህ ታዝዞ ቤት ድረስ ይመጣል። እንግዲህ ናካዋ ቀረ፣ ቦዳ ቀረ። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከቢሮ እየደወለ መልኬን ያያል። ትንሿንማ ለኦኬሎ እንስጣት ብሎ እጁን ዘረጋ።

ትንሿን ኪሴ ከተትኳት። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

ታብሌቱን እንዳልመልስ ደግሞ መርቄበታለሁ። አንዴ ከአፌ ወጥቷል፣ አሜንም ተብሎበታል። ገና ሳላየው! የታሸገ ሳጥን መርቆ የሚታሰር የኛ ሰው ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከሰዓት በኋላ

እሺ። በጭፍን አልፈርድም። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ትሪና የክብሪት ቀፎ።

ትልቁ ያምራል፣ ምን ይደረግ። ደሴ ያለችውን እህቴን አስቴርን አሳየኝ። ግንባሯ ላይ ያለችው የልጅነት ጠባሳ ሳትቀር። አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ኔትወርኩ አፏን እንደከፈተች አደረቃት፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ጽሑፉንም አተልቄ ያለ መነጽር አነበብኩ። ይህን አልክድም፤ ውለታ ነው።

ግን ጭኔ ላይ ሳደርገው ይከብዳል፣ ይሞቃል። መዝሙር ከፈትኩ። አለቀ። ማንም ሳያዘው ጭፈራ ጀመረ። በዓርብ ጾም! ለማጥፋት ስደነባበር ጭራሽ ድምፁን ጨመርኩት። ሶስና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስምንተኛ ወሯ ነው፣ በሳቅ እንዳታምጥብኝ ፈራሁ። ቋንቋ ያስተምራል ሲሉኝ ደግሞ ሉጋንዳ ፈለግሁ። ፈረንሳይኛ አለ። ጃፓንኛ አለ። ደጄ ላይ የሚነገረው የለም።

ትንሿ? ጽሑፏ አይታየኝም፣ እውነት ነው። ግን በጨርቅ ላይ ዳስሼ አዛታለሁ። መብራት ቢጠፋ ግድ የላትም። ዋይፋይ አትልም። ያላዘዝኳትን አትዘፍንም። ማንም ደውሎ በሷ ውስጥ አያየኝም።

ይህ ሁሉ ትርፍ ነው። ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። ትንሿ አብራኝ ትወጣለች። ትልቁ አይወጣም፤ ይዘሽው ከወጣሽ ይነጥቁሻል ይላል ዳዊት ራሱ። እሱ ስለማይወጣ እኔም አልወጣም ማለት ነው። ለእኔ የተገዛ ይመስላል እንጂ እኔን እንዲጠብቅ የተገዛ ነው።

እንቢ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት በኋላ

የገበያ ቀኔ። ዝናቡ አባራ። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ዘንቢሌን ያዝኩ፣ ወደ በሩ።

ኦኬሎ አይከፍትም። መሬት መሬት ያያል። «ጃጃ፣ ቦስ እንዳትወጪ ብሏል» አለኝ በእንግሊዝኛ። ጃጃ ማለት አያት ነው፤ ሌላ ጊዜ ሲጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጭንቅ ብሎታል ምስኪን፣ እንጀራው ነው። አልጮህኩበትም። ዘንቢሌን ይዤ ተመለስኩ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ በር ተቆለፈብኝ።

ዳዊት ለምሳ ሲመጣ ግን ጮህኩ። እሱም ጮኸ። ሶስና በመሀል ገብታ ሁለታችንንም ለመነች። ከዚያ የልጄ ድምፅ ወረደ። አባቱን ስንቀብር ከዚህ መሄድ አልቻለም ነበር፤ በስልክ ስክሪን ነው ያየው። አፈሩ ሲወርድ ሥዕሉ እየተቆራረጠ። ስለ አንቺ ደግሞ እንደዚያ ያለ ስልክ አልጠብቅም አለኝ። «በሞቴ፣ እማዬ፣ ቤት ሁኚልኝ።»

ከማዕዱ ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ።

አሁን ሳስበው ግን ያበግነኛል። በሞቴ የሚባለው ለጉርሻ ነው። አንድ ጨምሪልኝ ለማለት። ጎልማሳ ሰው የራሱን ሞት ቁልፍ አድርጎ እናቱ ላይ ያንጠለጥላል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። 8 ሰዓት

እሺ ብዬ ሞከርኩ። ሁለት ቀን በሞቴውን አከበርኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ ደወለ። ብቅ አልኩ። አየኝ። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ዘጋ። ምድጃ ላይ የተጣደ ወጥ ገልጦ እንደሚያይ ሰው። እኔ ለዚህ ነው የመጣሁት? ሶስና እስክትወልድ ድረስ ሶፋ ላይ ለመጣድ?

ትንሿን ከፈትኩ። ናካቶ ከኋላዋ ከነገበያው ጫጫታ። የመጨረሻው ቅጂ ላይ ሰዓት ታስተምረኛለች። ሰዓት አቆጣጠራቸው እንደኛው መሆኑን ያወቅሁ ቀን እንዴት እንደጮህኩ! ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው፣ ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን። አቅፋኝ ነበር። ለካ ጎረቤት ነን አልኳት በአማርኛ፣ ምንም ሳይገባት ራሷን ነቀነቀች። እዚህ አገር ከልጄ ሌላ የሚጠብቀኝ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ቅዳሜ ጠብቃኝ ይሆናል። ታመመች ብላ ይሆናል።

ሶስና አጠገቤ ተቀመጠች። እማዬ፣ እርስዎ ካልወጡ ይታመማሉ፣ እኔም አይቼዋለሁ፤ ግን እሱን ማን ደፍሮ ይናገረዋል አለች። ማን እንደሚናገረው ነገርኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። 7 ሰዓት ሊሆን ነው

ተሹለክልኬ አልወጣም። ኦኬሎንም አላባብልም። ታብሌቱን በመቆሚያው አቁሜ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። ነጠላ ለብሻለሁ። ዘንቢሉ ጭኔ ላይ። ትንሿ ኪሴ ውስጥ፣ ባትሪዋ ሙሉ።

ደወለ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ

አልኩት። ዘንቢሉን አይቶ የት ነው አለኝ። ናካዋ አልኩት። በታክሲ እሄዳለሁ፣ በቦዳ አይደለም፤ እስከዚህ ድረስ እሰማሃለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። በሞቴ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምኩት፤ ሞትህን አትጥራብኝ አልኩ። ወይ በሩ ይከፈታል፣ ወይ ደሴ እመለሳለሁ። የልጅህን መወለድ በስክሪን አያለሁ፤ አንተ አባትህን እንደቀበርከው።

ክፉ ቃል ነው። ሲወጣ እኔንም አቃጠለኝ። ለዚያ ሕፃን ነው አገር አቋርጬ የመጣሁት፤ የመጀመሪያ ለቅሶውን ልሰማ። ግን እየቀለድኩ አይደለም፤ እሱም አውቆታል። ፊቴን እያየ ነው። ይህን ትንሿ ልታደርግልኝ አትችልም ነበር። ድምፄን ብቻ ቢሰማ ልታስፈራራኝ ነው ይል ነበር። ለዚህ ለዚህስ ትልቁ ይበልጣል፤ ተናገርኩ።

እሱ ስልኩን ገና አልዘጋም። እያየኝ ይህን እጽፋለሁ። ምን ትጽፊያለሽ አለ። መጻፌን ቀጠልኩ። ዓይኑ ቀላ፣ ወደ ጎን ዞረ። ልጄ ነው፣ ያሳዝነኛል። ከወንበሬ ግን አልነሣም። ዓይኔንም አልሰብርም።

ሥዕሉ ጠፋ። ዘጋው።

ሶስና ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ቆማለች፣ እጇ ሆዷ ላይ።

ውጭ የኦኬሎ ስልክ ጮኸ። «የስ፣ ቦስ» ይላል። እንደገና «የስ፣ ቦስ»። የበሩ ብረት ተጎተተ። «ጃጃ!» ብሎ እየተጣራ ነው። ልሂድ፣ ናካቶ ቦታዋን ሳትለቅ።