ከዘፈኖቼ ላይ ወንድሜን ላጸዱልኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የድምፅ ቤተ መዛግብት ዋና ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለጆሮዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ እኔ ሬጌ በመዝፈንና የሌሎችን ሬጌ ፕሮዲዩስ በማድረግ ጠጉሬን የጨረስኩት ሰውዬ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ የድሮ ሥራዎቼን ከቴፕ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ አርሞና አጽድቶ፣ በስሜ የምስጋና ምሽት ማሰናዳቱን የሚገልጸው ጥሪ ደርሶኛል። የታረሙትን ዘፈኖችም ሰምቻቸዋለሁ። ምስጋናዬ የዘገየው ከሰማሁ በኋላ ዘፈኖቹ የማን እንደሆኑ ሳጣራ ስለሰነበትኩ ነው፤ ይቅርታዎን።

አንደኛ፣ ስለ ጊታሩ። በሬጌ ጊታሩ የሚመታው በሁለት ምቶች መሀል፣ ሰው እግሩን አንስቶ ገና መሬት ሳያስነካ ነው። የእርማት ኮሚቴዎ ይህን የጊታሪስታችን መዘግየት አድርጎ ቆጥሮት፣ እያንዳንዷን ምት ጎትቶ ከከበሮው ጋር አሰልፏታል። ጊታሪስታችን ለቀጠሮ እንጂ ለምት ዘግይቶ አያውቅም ነበር። ዘፈኖቼ አሁን ለተማሪዎች የጠዋት ሰልፍ የሚሆኑ ሆነዋል፤ ስለዚህ ያልታሰበ ውለታ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ድምፄ። የመጀመሪያውን ካሴቴን ስቀዳ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ሕዝቡ የወደደው ያንኑ ሻካራ ድምፅ ስለሆነ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ስዘፍን ኖሬአለሁ። ኮሚቴዎ አክሞኛል። በስተርጅና የጎረምሳ ድምፅ ስለሰጣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አላወቅሁትም።

ሦስተኛ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ባስ ጊታር የለም። ደውዬ ስጠይቅ የድምፅ ባለሙያዋ በፍጹም ትሕትና፣ «ጋሼ፣ ከታች በኩል የሚያጉረመርም ነገር ስለነበር አጽድተነዋል» አለችኝ።

ያ የሚያጉረመርመው ነገር፣ ክቡር ሆይ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ስቱዲዮ የምንለው ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ የተከራየናትን፣ ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽና ብርድ ልብስ የሸፈንናትን ክፍል ነበር። መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረን የባሱን ልክ የምናውቀው ከግድግዳው ማዶ ባሉት ልብስ ሰፊ እትዬ ነው። የመደርደሪያቸው ብርጭቆዎች መንጫጫት ሲጀምሩ ግድግዳውን በመቀስ እጀታ እየደበደቡ፣ «እናንተ ልጆች፣ ዕቃዬን ልትጨርሱት ነው» ይላሉ። ያኔ ወንድሜ «በቃ፣ ልኩ ይኸው ነው» ይልና መቅዳት እንጀምራለን። በኋላ ትልቅ ስቱዲዮ ከፍቼ ስንቱን ወጣት ዘፋኝ ሳወጣ፣ ከስንቱ የድምፅ መሐንዲስ ጋር ስሠራ፣ የእትዬን ያህል ጆሮ ያለው አላጋጠመኝም።

ወንድሜ ያረፈው ሴት ልጁ በእናቷ ሆድ ሳለች ነው። ሕፃን ሆና መዳፏን ስፒከሩ ላይ እያሳረፍኩ፣ «ይኸ አባትሽ ነው» እላት ነበር። ያ ካሴት ከመደጋገሙ ብዛት ክሩ አልቋል። ዋናዎቹን ቴፖች ደግሞ እኔ ቤት እርጥበት እንዳይበላቸው ብዬ፣ በገዛ እጄ ለመሥሪያ ቤትዎ አደራ ሰጥቻቸዋለሁ። ባለሙያዋ እንደነገረችኝ፣ ከእርማት በኋላ ቦታ ስለሚያጣብቡ ከምስጋናው ምሽት ማግሥት ከአሮጌ ወንበሮች ጋር ይወገዳሉ።

ቀልዱም አድክሞኛል፤ ልለምንዎ። የታረመው ለእናንተ ይሁን። አሮጌዎቹን ቴፖች ግን ከነጉርምርምታቸው ለእኔና ለልጁ ይመልሱልን። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ስሙንም ኮሚቴው አርሞ እንዲጽፍለት ቦታውን ክፍት የተወ፣

ታዛዥዎ ዘፋኝ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በጥሪው ፖስታ ውስጥ በወንድሜ ስም የተጻፈ ካርድም አግኝቻለሁ፤ በፊተኛው ረድፍ ከእኔ ጎን ወንበር ተይዞለታል። ከዘፈኑ አስወጥቶ ወደ አዳራሹ መጥራት ትልቅ ሰው አክባሪነት ነው። እሱ ስለሞተ አይመጣም። እኔም እሱ የሌለበትን ሙዚቃ ተቀምጬ የምሰማበት አንጀት የለኝም። ቴፖቹ ካልተመለሱ ምሽቱን ያለ እኛ ያድርጉት፤ መሥሪያ ቤትዎ ሰው ማውጣቱን እንደሆነ ለምዶታል።