ልቅሶ የተከለከሉት የወይዘሮ ጌጤነሽ ዳዲ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጌጤነሽ ዳዲ ከአባታቸው ከአቶ ዳዲ ቦጂያና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጉዴ ተሬፋ፣ በደንዲ፣ ከጊንጪ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በ1922 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ተጸያፊ ነበሩ። ዝንብ ያረፈበትን አይቀምሱም፤ ሌላ ሰው በጠጣበት ዋንጫ አይጠጡም። እናታቸው «ይህችን ልጅ ማን ያገባታል?» እያሉ ይጨነቁ ነበር ይባላል።

ያገቧቸው የአምቦው ልብስ ሰፊ አቶ ፈይሳ ጉደታ ናቸው። በ1940 ዓ.ም. ተጋብተው ሸዋገነትንና ደግፌን ወለዱ። አቶ ፈይሳ በ1965 ዓ.ም. ሲያርፉ ወይዘሮ ጌጤነሽ በአምቦ ገበያ ቅቤ እየነገዱ ልጆቻቸውን አሳደጉ። አሽትተው ያልወደዱትን ቅቤ ከነቅሉ ስለሚመልሱ ከእንጭኒ የሚመጡ ባለቅቤዎች ሳይቀሩ ይፈሯቸው ነበር።

በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረውን ደግፌን አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ወስደው ገደሉት። አስከሬኑንም አልሰጡም። በማግሥቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ደጃቸው ላይ ቆሞ «ለአናርኪስት አይለቀስም! ጥቁር የለበሰ ከእሱ አይለይም!» ሲል አወጀ። ስሙን እዚህ አንጽፍም፤ መጻፉ ያቅለሸልሸናል። ጎረቤት በሩን ዘጋ። ወይዘሮ ጌጤነሽ መዋጮ አጓድለውበት የማያውቁት ዕድርም ድንኳኑን እንደተጠቀለለ አስቀመጠው። ይህ ሲነበብ አንገቱን የሚደፋ መሀላችን ካለ ይድፋ።

ወይዘሮ ጌጤነሽ በየገበያው ማግሥት ቀበሌ እየሄዱ አንድ ነገር ብቻ ይለምኑ ነበር፤ ለልጃቸው ልቅሶ እንዲቀመጡ። ሊቀመንበሩ «እናያለን» ይላቸዋል። በገበያ ቀን ደግሞ መጥቶ ጣቱን ቅቤያቸው ውስጥ ይነክራል፣ ይልሰዋል፣ በላሰው ጣት መልሶ ይነክራል፣ ይስቃልም። እሳቸው ቅቤውን በሙሉ ለውሻ ይደፉታል። ለሰው ሸጠውት አያውቁም።

በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ የምስክር ወረቀቱን የሚያድለው ያው ሰው ስለሆነ ግን አልቀበልም ብለው ቀሩ።

ሐዘን ታፍኖ አይቀመጥምና መላ ዘየዱ። በሰፈርም ሆነ እስከ አዲስ ዓለም ድረስ፣ ሰው ሞተ ሲባል ቀድመው ይደርሳሉ። በሰው ልቅሶ የራሳቸውን ያለቅሳሉ። የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ሞቶ «ለጋው፣ ገና ያልጠገብኩህ!» ብለው ሲጮኹ ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። ሊቀመንበሩም ነገሩ ገብቶት ተቃጠለ፤ ግን ሰው ልቅሶ ደረሰ ተብሎ አይታሰር ነገር። የደግፌን ስም ሳይጠሩ፣ ለደግፌ ዓመታት አለቀሱ።

በ1978 ዓ.ም. የሊቀመንበሩ እናት ወይዘሮ ባየሽ አረፉ። ከቀብር ለተመለሰ ሐዘንተኛ እጅ የሚያስታጥቡት የዕድሩ ሴቶች ናቸው፤ የዚያን ቀን ተረኛዋ ወይዘሮ ጌጤነሽ ነበሩ። ቀርተው ቢሆን ማንም አይፈርድባቸውም። ሄዱ። ከቤታቸው በያዙት ጣሳ ያን ጣት፣ ያን እጅ አስታጠቡ። ከዚያም ግቢያቸው ሲገቡ ከአጥሩ ሥር አስመለሳቸው። ሸዋገነት «እማዬ፣ ምን ቆርጦሽ ሄድሽ?» ብላ ስታለቅስ፣ «ባየሽ ምን አደረገችኝ? እሷም እናት ናት። ዲሲ ልጄ፣ ተይው። ሆዴ እሱን ተሸክሞ ለደግፌ ቦታ ጠፋ» አሏት። ቀጠል አድርገውም «በዚያ ጣሳ ግን ውኃ እንዳትጠጡ» አሉ። እንዲህ ያለ ልብ ለእኛ አልተሰጠንም፤ ያን ሰው ባየነው ቁጥር ዛሬም ይቀፈናል።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆዩ። ባለፈው ግንቦት መንግሥት ሲለወጥ የዕድሩ ዳኛ አቶ ኦልጅራ አልጋቸው ድረስ መጥተው፣ «አዴ ጌጤነሽ፣ እንግዲህ ለደግፌ ድንኳን እንትከል» አሏቸው። እሳቸውም «ዛሬ ነው ድንኳኑ የተገኘው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። መለስ ብለው ግን እንዲህ አሉ፦ «ግድ የለም ኦቦ ኦልጅራ። እኔም መሄዴ ነው፤ አገር ሁለት ጊዜ ሥራ አይፍታ። በአንድ ድንኳን ይሁን። ስትጠሩን ግን የእሱን ስም አስቀድሙልኝ።»

ወይዘሮ ጌጤነሽ ዳዲ ሰኔ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአራት ልጆችም አያት ነበሩ።

እግዚአብሔር የደግፌ ፈይሳን ነፍስ፣ የእናቱን የወይዘሮ ጌጤነሽ ዳዲንም ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍ።