ኦብዱሊያ የተላጨችበት ቤት

እኔ የሟቹ ፀጉር አስተካካይ የሴቬሪኖ ሚስት ኤውፍራሲያ ሩቢዮ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ኖቬምበር 9 ቀን 1968 ከአልጋዬ ሳልነሣ፣ ይህን ቃል በሁለት ምስክሮች ፊት ለውል አዋዋዩ ለአቶ ኤላዲዮ አጽፌአለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ ያለ እርሱ ፈቃድ አንዲት ወረቀት ፈርሜ አላውቅም፤ ይህች የራሴ ናት።

የወይራ ማሳው ሕግ እንደሚያዘው ለልጄ ለፋውስቲኖ ይሁን። የማዘጋጃ ቤት ሹም ነውና በዚህ ቃሌ ያፍራል። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት አፍሬአለሁ።

ይህ ቤት ከነዕቃው ለኦብዱሊያ ልጅ ለሊበርታድ ይሁን። አቶ ኤላዲዮ እዚህ ላይ ብዕራቸውን አነሡ።

«እትዬ፣ ሊበርታድ፣ ነፃነት ማለት፣ የተከለከለ ስም ነው፤ መዝገብ ላይ አይገባም። ቄሱ ካርመን ብለዋታል፤ ካርመን ልበል።»

«ሁለቱንም ይጻፉ፤ እናቷ ያወጣችላትን ያስቀድሙ። ከእንግዲህ እኔን ምን ያደርጉኛል?»

ምክንያቴ ይህ ነው። ኦብዱሊያ የልጅነት ጓደኛዬ ነበረች። ሴቶች በምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ቤት ለቤት ስለቀሰቀሰች፣ በ1936 ኦገስት፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተነሣ ሰሞን፣ በኋላ አገሩን የያዘው ወገን ታጣቂዎች፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ለባሾቹ፣ እየጎተቱ ወደ ባሌ ፀጉር ቤት፣ ማለት ወደዚህ ቤት የፊት ክፍል አመጧት። ባሌ ታሞ ተኝቷል። አለቃቸው መላጫውን ለእኔ ዘረጋልኝ።

«አንቺ ላጪያት። ወይስ የሷ ወገን ነሽ?»

እነርሱ የሚያድኑት ወንድሜ ብራውሊዮ እዚሁ ቤት ከጣራው ሥር ቆጥ ላይ ተደብቆ ነበር። ይህን ከእኔና ከኦብዱሊያ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መላጫውን ተቀበልሁ። መላጫው ራሷ ላይ ሲዛነፍብኝ በሹክሹክታ፣

«ኧረ ቀጥ አድርጊው፣ አንቺ! ያዩሻል» አለችኝ።

ከዚያ ሊያዋርዷት ሆድ የሚያስቀምጥ የጉሎ ዘይት አጠጥተው በአደባባይ አዞሯት። የተደበቁትን አውጪ ቢሏት ትንፍሽ አላለችም። በማግሥቱ በጭነት መኪና ወሰዷት፤ አልተመለሰችም። ወንድሜ በብርዱ ወራት ድንበር ተሻግሮ ዳነ።

እስከ ዛሬ ያንን ክፍል ስጠርግ ከመጥረጊያዬ ሥር ረጅም ጥቁር ፀጉር ይወጣል። ፋውስቲኖ «እማዬ፣ ምንም የለም እኮ» ይለኛል። እኔ ግን አንሥቼ በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ። ጨርቁን ስፈታው ባዶ ነው።

ሊበርታድ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ዕድሜዋን ሁሉ «አክስቴ» ስትለኝ ኖራለች። አሁን አልጋዬ ግርጌ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች፤ አክስቴ አላለችኝም። ቃሏም እንዲጻፍ አዝዣለሁ፦

«ቤትሽን ምን ላድርገው? እናቴን የት ጣሏት? እሱን ንገሪኝ።»

አላውቅም። ብጠይቅ ይጠረጥሩኛል ብዬ አንድም ቀን ሳልጠይቅ አረጀሁ። ቤቱን ብትወድ ትኑርበት፣ ብትጠላ ታፍርሰው፤ ማንም አይከልክላት።

ኤውፍራሲያ ሩቢዮ፣ ፈርሜአለሁ።

አንደኛ ምስክር፦ ጎረቤቷ ሂላሪያ ሞንቴሮ፣ በጣት አሻራ።

ሁለተኛ ምስክር፦ ግንበኛው ቲቡርሲዮ ቬጋ። ከፊርማው ሥር በገዛ እጁ የጨመረው፦ «ቦታውን አውቃለሁ። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት እኔን ነው። ሊበርታድ ከፈለገች ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ።»